ጎማና ዕድሜው

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ሳይፈጽመው የማይመለስ ሥርዓት አለ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መኪናዋን አንድ ዙር ይዞራታል። ኮፈን ያስከፍትና ምንም ባይገባውም ሞተሩ ላይ አጎንብሶ ትንሽ ይቆያል። ደላላው "ሞተሯ አልተነካም፤ የሴት መኪና ናት" ሲለው "እህም" ይላል። በመጨረሻ ወደ ፊተኛው ጎማ ጠጋ ብሎ በጫማው ጫፍ ሁለቴ ጠለዝ፣ ጠለዝ ያደርገዋል። የዋጋ ክርክር የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ያ ጠለዛ ምን እንደሚነግረው የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። መሐንዲስ ጓደኛ አለኝ፤ ሥራው ላይ በሚሊሜትር የሚከራከር ሰው ነው፤ እሱም ይጠልዛል። "ምን አወቅህበት?" ስለው ፈርጠም ብሎ "ጠንካራ ነው" አለኝ። ነፋስ የተሞላ ጎማ ጠንካራ መሆኑ ዜና አይደለም። ቢሆንም ጎማ የማይጠልዝ ገዢን ደላላ አይፈራውም። ቁጢጥ ብሎ የጎማውን ጎን በስልክ መብራት ማንበብ የጀመረ ገዢ ሲገጥመው ግን ይደነግጣል፤ "ምን ወደቀብህ ጋሼ?" እያለ አብሮ ቁጢጥ ይላል።

ስለ መኪና ከሚወራው ሁሉ ስለ ጎማ የሚወራው ትንሹ ነው። ሰው ስለ ሞተሩ፣ ስለ ካምቢዮው፣ ስለ ቴፑ፣ ስለ ወንበር ልብሱ ሳይቀር ያወራል። አስፋልቱን የሚነካው ግን ከነዚህ አንዱም አይደለም። አንድ የቤት መኪና ጎማ መንገዱን የሚነካው የአዋቂ ሰው መዳፍ በሚያህል ቦታ ብቻ ነው። አራት መዳፍ ማለት ነው በቃ። ከቶን ያላነሰ ብረት፣ አምስት ሰው፣ ከኋላ ግማሽ ኩንታል ጤፍ፣ የፋሲካ ሰሞን ከሆነ ደግሞ እግሩን የታሰረ በግ ተጨምሮበት የእንጦጦን ቁልቁለት የሚወርደው በእነዚያ አራት መዳፎች ላይ ነው። ፍሬንም ቢሆን የሚይዘው ጎማውን ነው፤ መኪናዋን የሚያቆማት ጎማው ነው። ጎማው መንገዱን ካልያዘ ፍሬኑ ስንቴ ቢታደስ ዋጋ የለውም።

ደግሞ ታሪኩን እንደ ጎማ ሳይደብቅ ገላው ላይ ጽፎ የሚዞር ዕቃ የለም። የእኔ ዕድሜ ጠገብ ኮሮላ ጎማ ላይ 175/70 አር 13 የሚል አለ። 175 የጎማው ስፋት ነው፤ በሚሊሜትር። 70 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ ነው ማለት ነው። አር የተባለው ራዲያል መሆኑን ይናገራል፤ 13 የቸርኬው ዲያሜትር ነው፤ በኢንች። ቀጥሎ 82 ቲ የሚል አለበት። 82 ነፋሱ በልኩ ከተሞላ አንዱ ጎማ 475 ኪሎ መሸከም እንደሚችል የሚገልጽ ቁጥር ሲሆን፣ ቲ ደግሞ በሰዓት እስከ 190 ኪሎ ሜትር ድረስ ይፈቅዳል። የእኔዋ ኮሮላ በዚህ ፈቃድ ተጠቅማ አታውቅም። ከመገናኛ ቦሌ ባለው ሰልፍ ውስጥ በ19ም ከሄድን እናመሰግናለን።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዲኦቲ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ባለው ረድፍ መጨረሻ ላይ የታተመው አራት አሃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለት ዓመቱን ይናገራሉ፤ ጎማው ከፋብሪካ የወጣበትን ማለት ነው። ይህን ቁጥር ማንበብ ከለመድኩ ወዲህ ከጎማ ነጋዴ ጋር በሰላም ተለያይቼ አላውቅም።

በ2017 ክረምት መርካቶ ወረድኩ። ነጋዴው ያቀረበልኝ ጎማ ያብለጨልጫል፤ ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንኳ አልተላጠም። ቁጢጥ ብዬ ሳነበው 2215 ይላል።

"ይሄ የመቼ ነው?" አልኩት።

"የ2015 ነዋ! ሁለት ዓመቱ ነው ጋሼ፤ ገና ልጅ ነው።"

"በማን አቆጣጠር?"

ነጋዴው ትንሽ አሰበ። "በእኛ ነዋ! እዚህ አይደል እንዴ የምንሸጠው?"

በፈረንጅ የ2015 ሃያ ሁለተኛ ሳምንት እኛ ዘንድ ግንቦት 2007 ነው። ያ ጎማ አሥር ዓመት ሞልቶታል። ዕድሜውን የሚቀንስ አርቲስት አይቻለሁ፤ ዕድሜዋን የማትናገር እትዬም አለችኝ፤ በአንድ ትንፋሽ ስምንት ዓመት ያራገፈ ግን ያንን ጎማ ብቻ ነው ያየሁት። ጎማ የሚልኩልን አገሮች ጳጉሜን አያውቁም። ጎማ ላይ ያለ ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ ወደ እኛው ሲመለስ ሰባት ወይም ስምንት ይቀነሳል። ይህን ስነግረው ነጋዴው አልተናደደም። "እሺ አሥር ይሁን። አልተነዳበት! ቁጭ ያለ ጎማ ምኑ ይበላሻል?" አለኝ።

ይበላሻል እንጂ። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ኦክስጅን ውስጡን ያደርቀዋል፤ ፀሐይና ኦዞን ላዩን ይሰነጥቁታል፤ ሙቀት ሁሉንም ያፋጥነዋል። ፋብሪካው መሰንጠቅን እንዲከላከል የሚቀላቅልበት ሰምና ኬሚካል ወደ ላይ ወጥቶ ገጹን የሚሸፍነው ጎማው ሲተጣጠፍ፣ ማለትም ሲነዳ ነው። ስለዚህ ቆሞ የሚኖር መኪና ጎማ ዕረፍት ላይ ያለ ይምሰል እንጂ እያረጀ ነው። በየሰፈሩ አንድ አሜሪካ ያለ ወንድም "ለክረምት ስመጣ እነዳታለሁ" ብሎ ሸራ አልብሶ ያቆማት መኪና አትጠፋም። ቤተሰቡ ይኮራባታል። "እንደገዛት ናት፤ ጎማዋ ራሱ አልተቀየረም" ይላሉ። ሸራውን ገለጥ አድርጎ የጎማውን ጎን ያየ ሰው ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆች ከጫፍ ጫፍ ሲሮጡ ያገኛል። ወንድምየው መጥቶ በዚያ ጎማ ሐዋሳ ደርሶ ይመለሳል፤ ከዚያ ስለ አገራችን መንገድ ያማርራል። ብዙ መኪና አምራቾች ጎማ ስድስት ዓመት ካለፈው በባለሙያ ይታይ ወይም ይቀየር ይላሉ፤ ጎማ ሠሪዎቹ ደግሞ ጥርሱ ምንም ሙሉ ቢሆን አሥር ዓመት ሲሞላው ይውጣ ይላሉ።

አባቶቻችን በሬ ሲገዙ አፉን ከፍተው ጥርሱን ያዩ ነበር፤ የበሬ ጥርስ ዕድሜውን አይደብቅም። ጎማ ግን ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። የሚገርመው፣ በነፋስ የሚሞላውን ጎማ ለገበያ ያበቃው ሰው የእንስሳት ሐኪም ነበር። ስኮትላንዳዊው ጆን ቦይድ ደንሎፕ ቤልፋስት ውስጥ የከብት ሕክምናውን እየሠራ ሳለ የልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት በድንጋዩ መንገድ ላይ ስትንገጫገጭ አይቶ በ1880ዎቹ መገባደጃ ነፋስ የተሞላ ጎማ አበጀላት። (ይህም በፈረንጅ ነው።) ሮበርት ቶምሰን የተባለ ሌላ ስኮትላንዳዊ ይህንኑ ሐሳብ በ1845 አስመዝግቦት ነበር፤ ግን መኪናም ብስክሌትም ሳይኖር ጎማ ቀድሞ ስለመጣ ማንም አልፈለገውም። ጎማው ራሱ በሙቀት የማይቀልጥ፣ በብርድ የማይሰበር የሆነው ደግሞ ከድኝ ጋር ሲጋል መሆኑን ቻርልስ ጉድይር በ1839 ካገኘው በኋላ ነው። ሰውዬው በ1860 ሲሞት ከነዕዳው ነው የሞተው። ስሙን የያዘው ትልቁ ኩባንያ የተቋቋመው በ1898 ሲሆን፣ ከእሱም ከቤተሰቡም ጋር ግንኙነት የለውም። ጎማ ከመጀመሪያው ጀምሮ ለነጋዴ እንጂ ለባለቤቱ የማይሆን ዕቃ ነው።

ወደ ጥርሱ ልመለስ። አዲስ የቤት መኪና ጎማ ጥርሱ ስምንት ሚሊሜትር አካባቢ ይጠልቃል። 1.6 ሚሊሜትር ሲደርስ በአውሮፓ ሕግ አበቃለት። አሜሪካኖች ይህን የሚለኩት በአንድ ሳንቲም ነው። ሳንቲሙን የተቀረጸበት የፕሬዚዳንት ሊንከን ጭንቅላት ወደ ታች ሆኖ በጥርሶቹ መካከል ይሰኩታል፤ አናቱ ሙሉ በሙሉ ከታየ ጎማው ይጣላል። እኛም ዘንድ ሳንቲም አለ፤ ላዩ ላይ ጎፈሩን የነሰነሰ አንበሳ አለበት። ጎፈሩ የት ድረስ ሲገባ ጎማው ይበቃዋል የሚለውን ግን ማንም አስልቶ አልነገረንም፤ ሰውም ሳንቲሙን ለታክሲ መልስ ይፈልገዋል። ደግነቱ ሳንቲም አያስፈልግም። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ለሚያይ፣ አለፍ አለፍ ብለው ቦዩን የሚያቋርጡ ዝቅ ያሉ የጎማ ጉብታዎች አሉ። ቁመታቸው 1.6 ሚሊሜትር ነው። ጥርሱ አልቆ ከጉብታው ጋር እኩል ከሆነ ክርክር የለም። ለጎረቤቴ እነዚህን ጉብታዎች ሳሳየው፣ "አየህ፣ ጎማው ሲያልቅ እንኳ ከሥር መጠባበቂያ ጥርስ አስቀምጠውለታል" ብሎ ፋብሪካውን መረቀ።

ለዝናብ ግን 1.6 ጭራሽ አይበቃም፤ ነገሩን የሚያውቁት ሦስት ሚሊሜትር ላይ ቀይሩ ይላሉ። የቦዩ ሥራ ውሃ ማስወጣት ነው። ሐምሌ ላይ ቦሌ መንገድ ውሃ ሲተኛበት ቦዩ ያለቀበት ጎማ ውሃውን መሰንጠቅ ትቶ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ያኔ መሪው እጅ ላይ ቅልል ይላል፤ ፍሬንም ተረገጠ አልተረገጠ ለውጥ የለውም። በደረቅ ጊዜ ያለቀ ጎማ ምንም አይልም፤ እንዲያውም ጸጥ ብሎ ስለሚሄድ ሰው ይወደዋል። "ከአዲሱ ይሄ ይሻላል፣ አይጮህም" ያለኝ የታክሲ ሾፌር አለ።

የእኔ ጎሚስታ መንገድ ዳር፣ ከቆርቆሮ ጎጆው ፊት ለፊት ይሠራል። ማስታወቂያው ምሰሶ ላይ የተሰቀለ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ አሮጌ ጎማ ነው። ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ መንገዱ ላይ የቆመ ሁሉ ወሬውን ያቋርጣል። በርሜል ለሁለት ተሰንጥቆ በተሠራው ገንዳ ውስጥ ያለው ውሃ መቼ እንደተቀየረ አይታወቅም፤ ጥቁር ነው። ጎማውን እዚያ ውስጥ ቀስ እያለ ያሽከረክረዋል፤ ዐይኑን አይነቅልም። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ከሥር ጥቃቅን አረፋ ተሰልፎ ብልቅ፣ ብልቅ ይላል። አውራ ጣቱን ያሳርፍበታል፤ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ሚስማሩን በጉጠት ነቅሎ ለባለመኪናው ያስረክባል፤ ይህ የማይታለፍ ደንብ ነው። ባለመኪናው ሚስማሩን ያገላብጠዋል። አላፊ አግዳሚውም ሐሳብ ይሰጣል፦ "የጣውላ ነው"፣ "የለም፣ የቆርቆሮ ነው፤ ባርኔጣ አለው አይደል?"፣ "ከዚያ ሕንፃ ነው የመጣው።" ቀዳዳው ተዘግቶ ነፋስ ከተሞላ በኋላ ጎሚስታው ጣቱን ምላሱ ላይ ነካ አድርጎ የቫልቩን አፍ ምራቅ ይቀባዋል። ምራቁ አረፋ ካልሠራ ሥራው አለቀ። ውድ ጋራዦች ውስጥ ብዙ መሣሪያ አይቻለሁ፤ በዋጋም በፍጥነትም ያንን ምራቅ የሚወዳደር የለም።

ግን ጎሚስታም የማያድነው በሽታ አለ። መሬት የሚነካው ገጽ ላይ ያለ የሚስማር ቀዳዳ ይደፈናል፤ ጎኑ ላይ ያለ አይደፈንም፤ ይደፈናል የሚል ካለ ገንዘብ ፈልጎ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ዘጭ ካሉ በኋላ ጎኑ ላይ እባጭ ከወጣ ውስጥ ያሉት ክሮች ተበጥሰዋል ማለት ነው፤ ነፋሱን የያዘው ላስቲኩ ብቻ ነው፤ በዚያው ቀን ይቀየራል። አንድ ዘመዴ እባጩን እያየ "ትንሽ ናት፣ ከሰኔ ጀምሮ አላደገችም" እያለ እስከ ጥቅምት ነዳ። ጥቅምት ላይ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ዘመዴ ይህን ጽሑፍ ያነባል።

ጎሚስታዬ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ነፋስ ለማስሞላት ስሄድ "ስንት ላድርገው ጋሼ?" ይለኛል። "ስንት ይሻላል?" እለዋለሁ። "ሠላሳ አምስት" ይላል። ለቪትዝም ሠላሳ አምስት፣ ለፒክ አፕም ሠላሳ አምስት፣ ለሚኒባስም ሠላሳ አምስት። ትክክለኛው ልክ የሾፌሩን በር ሲከፍቱ ምሰሶው ላይ በተለጠፈች ወረቀት ተጽፏል አልኩትና አሳየሁት። መኪናዋ የጃፓን ናት፤ ወረቀቷም በጃፓንኛ ናት። ከመካከሉ 220 የሚል ቁጥር ነበር። ጎሚስታው ጎንበስ ብሎ በጥሞና ተመለከተውና "ይሄማ የመብራት ነው" አለኝ። 220 ኪሎ ፓስካል እንደሆነ፣ በእሱ መለኪያ ሠላሳ ሁለት አካባቢ እንደሚመጣ ለማስረዳት ሞከርኩ። ሠላሳ አምስት አደረገልኝ።

ልኬቱ ደግሞ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው መወሰድ ያለበት። ከነዱ በኋላ ነፋሱ ይሞቃል፤ ቁጥሩ ይጨምራል፤ ያንን አይቶ የሚያስተነፍስ ሰው ጎማው ሲቀዘቅዝ ከልክ በታች ሆኖ ያገኘዋል። የባለቤቴ ወንድም ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ቁልቢ ሲሄድ ማልዶ ጎሚስታው ዘንድ ይደርስና "ከየጎማው አምስት አምስት ቀንስልኝ፤ መተሐራና አዋሽ ሙቀት ነው፤ ነፋሱ አብጦ እንዳይፈነዳ" ይላል። ብዙ ሾፌር ይህንኑ ያምናል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ጎማ ሲሞቅ የነፋሱ ግፊት እንደሚጨምር ፋብሪካው አስቦበታል፤ ያላሰበበት የቀነሰ ነፋስ ነው። ነፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፤ መታጠፉ ያግለዋል፤ ከውጭ የመተሐራ ፀሐይ፣ ከታች አስፋልቱ፣ ከላይ ስድስት ተሳላሚና ለስለት የተያዘ ዣንጥላ ሲጨመርበት የሚፈነዳው ያ ነው። ያቺ የበሩ ምሰሶ ላይ ያለች ወረቀት ብዙ መኪና ላይ ጭነት ሲበዛ እንዲያውም ጨምሩ ትላለች። ይህን ሁሉ ብነግረው "ገብርኤል ያውቃል" አለኝ። ገብርኤል አደራውን አይበላም፤ ነፋስ መሙላት ግን የሾፌሩ ድርሻ ነው።

የነፋሱ ልክ የጎማው አበላል ላይ ይነበባል። መካከሉ ብቻ ካለቀ በዝቷል፤ ሁለቱ ጠርዞች ካለቁ አንሷል። አንዱ ጠርዝ ብቻ ከተበላ አላይመንቱ ተዛብቷል፤ ጎማ ከመቀየር በፊት እሱን ማሠራት ይቀድማል፤ አለዚያ አዲሱም እንደዚያው ይበላል። ጎድጎድ፣ ጎድጎድ እያለ ከተበላ ባላንሱን ወይም አሞርዛተሩን ይጠርጥሩ። የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት በየስምንት ወይም አሥር ሺህ ኪሎ ሜትሩ ማዛወር ዕድሜ ይጨምራል። ናይትሮጅን እንሙላልዎ የሚሏችሁም አሉ። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ጎሚስታዬ እስካሁን ሳያስከፍለኝ ሲሞላልኝ ኖሯል።

ከጎሚስታዬ ጋር ያልተስማማንበት ሌላም ነገር አለ። ገንዘብ አጥሮ ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ የገዛ ሰው የት ያስገባቸው? እሱም፣ ሰፈሩም፣ ባለቤቴም "ፊት ነዋ፤ መሪ የሚይዘው ፊት አይደል?" ይላሉ። ጎማ ሠሪዎቹ ኋላ ይላሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። የፊቱ ጎማ በዝናብ ሲንሸራተት መሪው ላይ ይታወቃል፤ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ይመለሳል። የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናዋ ፊቷን ወደ መጣችበት ታዞራለች፤ ያኔ የሚሰጥ ምክር የለም።

ጎማ በመቆጠብ ግን ጎረቤቴን የሚደርስበት የለም፤ ጎማ ቁጠባ የሚባል ሰፈር ያላት ከተማ ነዋሪ መሆኑን በሥራ ያስመሰከረ ሰው ነው። አልጋው ሥር በሸራ የተጠቀለሉ አራት አዳዲስ ጎማዎች አሉት። ዓመታዊው ምርመራ ሲደርስ፣ በክላውዶ ዋዜማ ማታ ያወጣቸዋል፤ መኪናውን በክሪክ ያነሳና አራቱንም ይቀይራል። ጠዋት መርማሪው ጎማዎቹን አይቶ ያደንቃል። ቦሎው ይለጠፋል። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ አራቱንም ፈቶ፣ አጥቦ፣ በሸራ ጠቅልሎ አልጋው ሥር ይመልሳቸዋል፤ ላጣዎቹን ይገጥምና ሥራው ይሄዳል። ለምን እንደሚያወጣቸው ብጠይቀው ቅር ተሰኝቶ "መንገድ ላይ ያልቃሉ እኮ!" አለኝ። የወንድሙና የሚስቱ አጎት መኪኖችም በእነዚሁ ጎማዎች ምርመራ አልፈዋል። አንዴ የጎናቸውን ቁጥር አነበብኩለት፤ ሰባተኛ ዓመታቸውን ጀምረዋል። ከአራት ሺህ ሜትር በላይ አስፋልት የረገጡ አይመስለኝም። ሁለት ሦስት ዓመት ቆይተው አንድ ቀን በክብር ጡረታ ይወጣሉ፤ ከዚያ ምናለሽ ተራ ሄደው በረባሶ ይሆናሉ። ያኔ ገና መንገድ ያያሉ።

ከ2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ የሰፈራችን ወጣቶች ኤሌክትሪክ ይዘዋል። ነዳጅ ሰልፍ የለም፣ ዘይት መቀየር የለም፣ ካንዴላ የለም። አንዱ ከእኔ ኮሮላ አጠገብ ቆሞ "ጋሼ፣ የእኛ ጥገና የለውም" አለኝ። ልክ ነው፤ ጎማ ግን አለው። የባትሪው ክብደት ብዙ ነው፤ ሞተሩ ደግሞ እግር ሲረግጠው ጉልበቱን ወዲያው ነው የሚለቀው፤ ሁለቱንም የሚቀበላቸው ጎማው ነው። ብዙዎቹ ኤሌክትሪክ መኪኖች ስኮርታ ጎማ እንኳ የላቸውም፤ ፈሳሽ ማጣበቂያ ያለበት ጠርሙስና ትንሽ ኮምፕሬሰር ብቻ ነው የሚሰጧቸው። ያ ጠርሙስ የሚስማር ቀዳዳ ይደፍን ይሆናል፤ ጎኑ የተቀደደ ጎማ ላይ ምንም አያደርግም። ልጁ ይህን ሲሰማ ሄዶ የኋላ ኮፈኑን ከፈተ። ጠርሙሱም አልነበረም።

ስኮርታ ካነሳን ዘንድ፣ መኪናው ላይ ካሉት ጎማዎች ሁሉ አዛውንቱ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አራቱ ሁለቴና ሦስቴ ሲቀየሩ እሱ ምንጣፍ ሥር ተኝቶ ይኖራል፤ ነፋሱን የሚያስለካው የለም፤ የተፈለገ ዕለት ከመኪናው ባለቤት በላይ ተንፍሶ ይገኛል። እንግዲህ አንባቢዬ፣ የስልክዎን መብራት ያብሩና አራት አሃዙን በአምስቱም ላይ ያንብቡ። ዓመቱ በፈረንጅ መሆኑን አይርሱ። የስኮርታውንም ነፋስ በዚያው ያስሞሉ። ክሪኩም መኖሩን ይመልከቱ፤ የእኔው ክሪክ ጎረቤቴ ዘንድ ነው፤ ክላውዶ ደርሶበታል።